የኦርቪል ዴምኬ ማጨጃ ለምን አልነሳም

ኦርቪል ዴምኬ መቃብር ስፍራ ውስጥ ሞቶ ተገኘ ሲባል ለመሳቅ የዳዳቸው አልጠፉም። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሊንድቪል ትንሽ ከተማ ናት፤ ኦርቪል ደግሞ የሁላችንም አባትና እናት የተኙበትን ሣር ያለ ደመወዝ ሲያጭድ የኖረ ሰው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ሰኞ በጦርነት የሞቱት የሚታሰቡበት የመታሰቢያ ቀን ነው። አስከሬኑ የተገኘው መካነ መቃብሩ ወደ መንገዱ በሚወርድበት ቁልቁለት ሥር፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ነው። ተቀምጦ የሚነዳው አረንጓዴ የሣር ማጨጃ ተገልብጦ ላዩ ላይ ወድቋል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። የማጨጃው ቁልፍ እንደተከፈተ ነው፤ ቢላዎቹን የሚያሽከረክረው እጀታም ወደ ላይ ተነስቷል። ከላይ ያሉት ረድፎች ታጭደዋል፤ ቁልቁለቱ ገና ነው። ላየው ሁሉ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሽማግሌው ላይኛውን ጨርሶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ተገለበጠ።

ሸሪፍ ዌንደል ግራፍም እንደዚያ ነው ያሰበው። ነገሩን ያወሳሰበበት ከማጨጃው ወንበር ሥር ያገኛት አጭር ቀይ ሽቦ ናት። እነዚህ ማጨጃዎች የሚነዳቸው ሰው ከወንበሩ ከተነሳ ሞተራቸው ወዲያው እንዲጠፋ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ሽቦዋ ያንን ከልክላለች። ማን እንዳሰራት መጠየቅ አላስፈለገም፤ በከተማችን የሁሉንም ሰው ማጨጃ የሚጠግነው የኦርቪል ጎረቤት ዶይል ፕረዊት ነው። እሱም ሳይጠየቅ ተናገረ።

«እኔ ነኝ ያሰርኳት» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «የዘማቾቹን ባንዲራ ከየመቃብሩ ነቅሎ፣ አጭዶ፣ መልሶ ይተክላል። በወረደ ቁጥር ሞተሩ እየጠፋ አማረረው። ለመነኝ፤ እምቢ ማለት አቃተኝ። ዌንደል፣ እኔ ነኝ የገደልኩት።»

የሟች ታናሽ ወንድም ሬክስ ዴምኬ ከሰዉ መሃል ወጥቶ የዶይልን ትከሻ ያዘ። ሬክስ ግዙፍ፣ ድምፀ መረዋ ሰው ነው። በየዓመቱ በመታሰቢያው ቀን የቬትናም ዘማቾችን ወክሎ የሚናገረው እሱ ነው። ዘንድሮ ደግሞ የዘማቾቹ ስም የተቀረጸበት አዲስ ሐውልት ከመካነ መቃብሩ በር አጠገብ ቆሟል፤ ሰኞ እስኪገለጥ በሸራ ተሸፍኗል። የሁለቱም ወንድማማቾች ስም አለበት።

«አይዞህ ዶይል» አለው ሬክስ፣ ሁሉም እየሰማ። «ሆን ብለህ አላደረግከውም። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ።»

ሴቶቹ አለቀሱ። እንዲህ ያለ ልብ የት ይገኛል ተባለ። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል፤ ግን ነገሩን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

የአውራጃው መርማሪ አርዲት ኮልስታድ ስትደርስ ጤዛው ገና አልደረቀም። አርዲት ቁመቷም ንግግሯም አጭር ነው። ያደገችው አባቷ ሞተር በሚጠግንበት ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ፣ አንድ ነገር አልሠራ ሲል ከመናደድ ይልቅ ደስ የሚላት ሰው ናት።

«የጠራሁሽ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው» አላት ሸሪፉ። «አቃቤ ሕጉ የሽቦዋን ነገር አረጋግጡልኝ ብሏል። ማጨጃውን አስነሺ፣ ከወንበሩ ተነሺ። ሞተሩ ካልጠፋ ዶይል አለቀለት።»

«ምን ይደርስበታል?»

«በቸልተኝነት ሰው መግደል። እስር ቤት ነዋ።»

«ደስ ያለህ አትመስልም።»

«የኔንም ማጨጃ የሚጠግነው እሱ ነው። ምን ላድርግ ታዲያ?»

አርዲት ወደ ላይኛዎቹ ረድፎች ወጥታ ጎንበስ አለችና ከታጨደው ሣር ጭብጥ አደረገች። ላዩ በጤዛ ርሷል፤ ሥሩ ግን ጠውልጎ ገርጥቷል። ቀና ብላ የመጣችበትን አየች። ጫማዋ ጤዛውን እየጠረገ ሣሩ ላይ ጥቁር መስመር ትቷል። ከሷ ዱካ ሌላ በረድፎቹ ላይ የሰውም የጎማም ዱካ አልነበረም።

«ማጨጃውን ከቦዩ ማን አወጣው?» አለችው ሸሪፉን።

«እኔና የእሳት አደጋ ልጆች። አቃንተን እየገፋን እስከ ዕቃ ቤቱ ወሰድነው።»

«ከበዳችሁ?»

«ምን ይከብዳል። የሕፃን ጋሪ በይው።»

«ከመግፋታችሁ በፊት ከኋላው የሳባችሁት ዘንግ አለ?»

«ምን እንስባለን? ገፋነው አልኩሽ እኮ።»

«እሺ» አለች፣ ሌላ ነገር ሳትጨምር።

ዕቃ ቤቱ በመካነ መቃብሩ አጥር ጥግ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ከሷ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ የጠጠር መንገድ ይወስዳል። አርዲት ማጨጃው ላይ ተቀመጠች፤ ፍሬኑን ረግጣ ቁልፉን አዞረች። ምንም የለም። ጠቅ የሚል ድምፅ እንኳ አልተሰማም።

«ሲገለበጥ ተበላሽቷል» አለ ሸሪፉ።

«ቆይ።» መብራቱን ሞከረች፤ በራ። «ባትሪው ደህና ነው።» የቢላዎቹን እጀታ ወደ ታች መለሰች። «ይቺ ከተነሳች ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አይዞርም። አንተም ታውቃለህ።»

እንደገና አዞረች። አሁን ሞተሪኖው ዞረ፤ ሞተሩ ግን አልነሳም። ደጋግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

«ነዳጁ ፈስሶ ይሆናል።»

የነዳጁን ክዳን ከፍታ አየች። «ከግማሽ በላይ አለው።» ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትታ አወጣችና በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። «ደረቅ ነው። ይህን ሁሉ ስናዞር በነዳጅ መራስ ነበረበት። እዚህ ድረስ የመጣ ነዳጅ የለም።»

ካንዴላውን መልሳ አስራ፣ ከነዳጁ መያዣ የሚወርደውን ቱቦ በጣቷ እየተከተለች ወደ ታች ሄደች። ከወንበሩ በስተጀርባ፣ ከሽፋኑ ሥር፣ አንዲት ትንሽ የነዳጅ መዝጊያ አገኘች። ተዘግታለች። ፎቶ አነሳቻት፤ ከዚያ ከፈተቻት። ነዳጁ እስኪወርድ ጥቂት ጠብቃ ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ተነሳ። ከወንበሩ ወረደች። ሞተሩ አልጠፋም።

«በቃ» አለ ሸሪፉ ፊቱ ጠቁሮ። «ሽቦዋ ትሠራለች።»

አርዲት ሞተሩን አጠፋችው። ዙሪያዋን ቃኘች። ኦርቪል ሲያጭድ የማይለየው የጆሮ መከላከያ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። የሥራ ጠረጴዛው አቧራ ለብሷል፤ ጥጉ ላይ የታሰረው፣ ብረት ቆንጥጦ የሚይዘው ሞርሳ ግን ታጥቦ ያበራል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«ያን ሞርሳ ለምርመራ ላከው» አለች። «ማንንም እንዳትይዝ። እስከ ነገ ጊዜ ስጠኝ።»

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ዶይል ነው። ጋራዡ ውስጥ ባዶ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ያመጣችለት ሳንድዊች አጠገቡ ሳይነካ ደርቋል።

«የነዳጅ መዝጊያዋን የገጠማት ማን ነው?»

«እኔ ነኛ። ከፋብሪካ ሲወጣ አልነበረችም። ለሞተሩ ነዳጅ የሚያቀብለው ካርቡሬተር ቆሻሻ እየሞላ ሲያስቸግረው በዚህ ጸደይ ገጠምኩለት። ሥራ ሲጨርስ ይዘጋታል፤ ሞተሩ ውስጥ የቀረችውን ነዳጅ አቃጥሎ ራሱ ይጠፋል። ጠዋት መጀመሪያ የሚያደርገው እሷን መክፈት ነው።»

«እዚያ መሆኗን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ከእኔና ከሱ በቀር ማንም። ካላጎነበሱ አትታይም።»

«ዛሬ ጠዋት ማጨጃውን ሰማኸው?»

«የሰው ቢላ እየሳልኩ ነበር፤ ድንጋዩ ሲጮህ ምን እሰማለሁ።» አንገቱን ደፋ። «አርዲት፣ ልታባብዪኝ ብለሽ ከሆነ ተዪኝ። ሰኞ ይህን ሁሉ ሰው በየትኛው ዓይኔ ነው የማየው?»

«ሰኞን ሰኞ እናየዋለን። ሳንድዊችህን ብላ።»

አስከሬኑን ያገኘችው ሎርና ቤክዊዝ የመካነ መቃብሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት፤ ቤቷም ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ከኦርቪል ጋር መኳረፏን የማያውቅ የለም። አርዲት ስትመጣ በረንዳዋ ላይ፣ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች።

«ከኦርቪል ጋር ተጣልተዋል ይባላል፣ ወይዘሮ ሎርና።»

«ይባላል አይደለም፣ ተጣልቻለሁ። በባሌ መቃብር ላይ የተከልኩትን አበባ ከነሥሩ አጨደው። እና ገለበጥሽው ነው የምትዪኝ? ይሄ ዳሌዬ የቤቴን ደረጃ እንኳ አያስወጣኝም።»

«ጠዋት ምን ሰሙ?»

«ምንም። ያናደደኝም እሱ ነው። ሁልጊዜ የሚያጭደው ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ዘንድሮ ዝናብ ይመጣል ስለተባለ ላይኛውን ትናንት ከሰዓት አጨደው። የቀረውን በማለዳ እጨርሳለሁ አለኝ። እዚችው ቁጭ ብዬ ሞተሩን ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ጭጭ። በመጨረሻ ልሰድበው ተነሳሁ።» በምርኩዟ ወደ መካነ መቃብሩ ጠቆመች። «ልሰድበው ሄጄ ነው እንደዚያ ሆኖ ያገኘሁት፣ የኔ ልጅ።»

«ትናንት ሌላ ምን አለዎት?»

«አንድ እንግዳ ነገር ጠየቀኝ። ከሐውልቱ ላይ ስም ማጥፋት ይቻላል ወይ አለኝ። በአበባው ነገር ተቀይሞ የራሱን ሊያስጠፋ መሰለኝና፣ ሞኝ አትሁን፣ ተቀርጾ ያለቀ ነገር ነው አልኩት። እሱ ግን ‹ባለቤቱ ራሱ ከጠየቀስ?› አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«ያኔማ ይሞከራል አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። የራስን ስም ማስጠፋት ይህን ያህል ምን ያስመሰግናል?»

ሬክስ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበር። ጎረቤት ያመጣለት ምግብ ጠረጴዛውን ሞልቶታል፤ በሳህኖቹ መሃል የሰኞው ንግግር ተዘርግቷል። ለአርዲት ወንበር ሳበላት፤ ከድንች ሰላጣው ካልቀመስሽ አላት።

«ዶይል ላይ አትጨክኑበት ልጄ» አለ። «እኔ ቂም የለኝም።»

«ወንድምዎን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት ነዋ፣ ፀሐይ ስትወጣ። ጋዜጣ ልገዛ በመኪና በበሩ ሳልፍ ላይኛዎቹን ረድፎች እያጨደ ነበር። እጄን አወዛወዝኩለት፤ እሱም ባርኔጣውን ነካ።» ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። «ስንብት መሆኑን ማን ያውቃል።»

«የሞተሩን ድምፅ ሰምተዋል?»

«እንዴታ። መስኮቴ ክፍት ነበር።»

«ትናንት ከሰዓትስ ወደዚያ ብቅ ብለው ነበር?»

«የት አባቴ ጊዜ አግኝቼ። ለሰኞ የድምፅ ማጉያ ልከራይ ሌላ ከተማ ስዞር ነው የዋልኩት።»

አርዲት ወደ ንግግሩ ተመለከተች። «ቬትናም የት አካባቢ ነበሩ?»

ሹካው እጁ ላይ ቆመ። «ሰሜን በኩል። ይህን ማውራት አልወድም።»

ማውራት ለማይወድ ሰው የተጻፈው ወረቀት ወፈር ያለ ነበር። አርዲት ግን ስለ ሰላጣው አመስግና ወጣች።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ አራቱን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሎርና ብቸኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዶይል ከበሩ አልራቀም፤ እስር ቤት የሚወስደው መኪና ውጭ የቆመ ይመስል ደጋግሞ ወደ ኋላው ያያል። ሬክስ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከሸሪፉ አጠገብ ቆሟል።

«የመጣሁት አንድ ማጨጃ ለማስነሳት ነበር» አለች አርዲት። «አልነሳ አለኝ። ለምን እንዳልነሳ ሳውቅ ኦርቪል እንዴት እንደሞተ አወቅሁ። ዶይል የገጠመላት የነዳጅ መዝጊያ ተዘግታ ነበር። ሥራ ሲጨርስ ኦርቪል ራሱ ነው የሚዘጋት፤ ጠዋት መጀመሪያ የሚከፍታትም ራሱ ነው። ቅዳሜ ግን አልተከፈተችም። ሞተሩ ውስጥ ደግሞ የተረፈ ጠብታ የለም፤ አርብ አቃጥሎ ጨርሶታል። ስለዚህ ያ ማጨጃ ቅዳሜ ጠዋት አልተነሳም። ያልተነሳ ማጨጃ ቁልቁለት ላይ ሲያጭድ አይገለበጥም።»

ዶይል ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«ሞተሩ አልተነሳም ነው የምልህ፣ ዶይል። ሽቦህ ምንም አላደረገችም።»

ዶይል በሩን ተደግፎ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ማልቀሱን ለመደበቅ አልሞከረም።

«ታዲያ እንዴት እዚያ ደረሰ?» አለ ሸሪፉ።

«ተገፍቶ። እዚህ ከተማ ማጨጃ ገፍቶ የማያውቅ ሰው የለም፤ ከኋላ ያለውን የማርሽ ማላቀቂያ ዘንግ ካልሳባችሁ ንቅንቅ እንደማይል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንተ ግን ዘንጉን ሳትነካ እንደ ጋሪ ገፋኸው። ቀድሞህ የሳበው ሰው ነበር። ያ ሰው መጀመሪያ ሊያስነሳው ሞክሯል፤ አስነስቶ ቢነዳው ይቀለው ነበርና። ሲያቅተው ኦርቪልን ወንበሩ ላይ አስደግፎ በጠጠሩ መንገድ እስከ አፋፉ ገፋው። ሲያጭድ የነበረ እንዲመስልም የቢላዎቹን እጀታ አነሳው። የጆሮ መከላከያውን ግን ሚስማሩ ላይ ረሳው።»

«ኦርቪልስ?»

«እዚሁ ነው የሞተው። ውጤቱን ንገራቸው።»

ሸሪፉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሞርሳው ጥርስ መሃል ደም ተገኝቷል። የኦርቪል ነው።»

ሬክስ ወደ ዶይል ዞረ። «ይቅርታ አድርጌልህ ነበር» አለ በረጅሙ ተንፍሶ። «መዝጊያዋን የሚያውቅ እሱ፣ ማጨጃ የሚያውቅ እሱ። ሌላ ማን አለ?»

«መዝጊያዋን ስለሚያውቅ ነው ነጻ የሆነው» አለች አርዲት። «ዶይል ቢሆን ጎንበስ ብሎ ይከፍታታል፣ አስነስቶ ይነዳል። የገደለው መዝጊያዋ መኖሯን የማያውቅ ሰው ነው። ወይዘሮ ሎርና አያውቋትም፤ ግን በዚያ ዳሌ ማጨጃ አይገፉም። እርስዎስ ሬክስ? ፀሐይ ስትወጣ ሲያጭድ አይቼዋለሁ፣ ሞተሩንም ሰምቻለሁ ብለውኛል።»

«ያየሁትን ነው የነገርኩሽ።»

«ላይኛዎቹን ረድፎች?»

«አዎ።»

«እነሱ የታጨዱት አርብ ከሰዓት ነው።»

ሬክስ በበሩ በኩል ወደ ረድፎቹ አየ።

«ቅዳሜ ስደርስ የታጨደው ሣር ሥሩ ጠውልጎ ነበር» አለች አርዲት። «ሌሊት የወረደው ጤዛ ላዩ ላይ እንዳለ ነው፤ አንድም ጎማ አልሄደበትም። እዚህ ከተማ መካነ መቃብሩ የሚታጨደው ቅዳሜ ጠዋት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዘንድሮ ኦርቪል አርብ መጀመሩን ወይዘሮ ሎርና አይተዋል። እርስዎ ግን ሌላ ከተማ ነበሩ። ቅዳሜ ማለዳ መጥተው የታጨደ ሣር ሲያዩ፣ እንደ ወትሮው የዛሬ ጠዋት ሥራ መሰለዎት። በዚያ ላይ ቆመው ነው ወሬውን የፈጠሩት።»

«ወንድሜን ለምን ብዬ ነው የምገድለው?»

«‹ባለቤቱ ራሱ ከጠየቀስ› ብሏል ኦርቪል፣ ስለ ሐውልቱ። ስለ ራሱ የሚያወራ ሰው እንዲህ አይልም። የማን ስም ነበር የሚጠፋው ሬክስ?»

ሎርና አፏን በእጇ ያዘች። በየዓመቱ ሬክስ ሲናገር ኦርቪል ለምን ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ ብቻውን እንደሚቆም የገባት ገና አሁን ነው።

«አልዘመትክም» አለችው።

ሬክስ ለመካድ ያህል ራሱን ወዘወዘ፤ ከዚያ ግን ተወው። «በጦርነቱ ጊዜ ኦማሃ ከተማ፣ ሥጋ ፋብሪካ ነበርኩ» አለ። «ስመለስ ሰዉ ከኦርቪል ጋር ደርቦ አመሰገነኝ። ዝም አልኩ። መጀመሪያ ዝም ማለት ብቻ ነበር። እሱም ዕድሜውን ሙሉ ዝም አለልኝ። ቅዳሜ ግን ‹ንግግርህን አድርግ፣ ባንዲራህን ያዝ፤ ከሞቱት ልጆች ስም አጠገብ ግን አትቀረጽም። ሄደህ ራስህ ሎርናን ንገራት› አለኝ። ገፋሁት። ሞርሳው ላይ ወደቀ። መግፋት ብቻ ነው ያደረግሁት።»

«እና እኔን ይቅር አልከኝ?» አለ ዶይል ከተቀመጠበት።

ሬክስ ሊያየው አልደፈረም። እኔን የሚያንገበግበኝ መግፋቱ አይደለም፤ ሰው በቁጣ ይገፋል። ንጹሕ ሰው ትከሻ ላይ እጁን አሳርፎ ራሱ ያፈሰሰውን ደም ሲጭንበት ድምፁ እንኳ አለመንቀጥቀጡ ነው።

ሸሪፉ ካቴናውን አጠለቀለት። በሩ ጋ ሲደርሱ ሬክስ ቆመና ወደ ሎርና ዞረ። ያ ግዙፍ ሰው ያነሰ መሰለ።

«ሎርና፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ነገ ሸራው ሳይነሳ ስሜን አጥፉልኝ። ሰዉ እንዳያየው።»

ዶይል ከመሬት ተነስቶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ኦርቪል የለመነህ ይህንኑ ነበር» አለው።

ሸሪፉ የሬክስን ክንድ ይዞ ወደ መኪናው ወሰደው።